ሐዋ ያስቀመጠችው ትራንዚስተር

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ መሀል ሳልፍ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፌ ነበር። ይሄኛው ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ያለው ትንሹ ዕቃ፣ ትራንዚስተር፣ ሲነድ የሚያወጣው፣ ጉሮሮ ላይ እንደ መራራ ዱቄት የሚቀር ሽታ ነው። የትኛው ሱቅ ውስጥ እንደተቃጠለ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለሱቁ ሙቀቱ የጣለኝ መስሎት «አባባ፣ ውሃ ላምጣልህ?» አለኝ፤ ድሬ ለሽማግሌም አንቱ ማለት አይሆንላትም። ውሃውን ተቀብዬ ጠጣሁ። ያ ሽታ የዛሬ ዓመት ቤቴ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጦ እንደነበር፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት ባለቤቴ አስቴር አየር ለማግኘት እንዴት ትታገል እንደነበር ለማላውቀው ሰው በምን ቃል ልንገረው?

ተፈራ እባላለሁ። የድሮ ሰው «ተፈራ ሬዲዮ» ነው የሚለኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ብየዳና ሽቦ ቅጠላ የተማርኩት እሱ ከሚሠራበት ወርክሾፕ ደጃፍ ተጎልቼ ነው። ኋላ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ መንገዱን በጥላው በሚያለብስበት ማዕዘን ላይ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈትኩ። ያኔ ሻይ ዐሥር ሳንቲም ነበር። በስሙኒ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሙሽበክ የሚሉትን ጣፋጭ ገዝቶ፣ ስኳሩ በጣት መሀል እየወረደ፣ እየላሱ መሄድ ነው። ጎረምሳው መሬት የሚጠርግ ሰፊ ቴትሮን ሱሪ ለብሶ፣ የሸሚዙን ኮሌታ እንደ ክንፍ ዘርግቶ ይወጣል። ከምሳ በኋላ ከተማዋ ጭልጥ ብላ ስትተኛ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ ጋደም ሲሉ፣ እኔ አልተኛም። ጠረጴዛዬ ላይ የተደረደሩት ሬዲዮኖች አንዱ በዓረብኛ፣ አንዱ በሱማሌኛ፣ አንዱ በአማርኛ ያዜማሉ። ሦስቱም ባንድ ላይ ሲዘፍኑ የሚረብሸው መንገደኛ አልነበረም። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ባጃጆች ተደርድረው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ዛፉ ግን አለ።

አስቴርን ያገኘኋት በዚያ ሱቅ ነው። አስተማሪ ነበረች፤ የአባቷን ሬዲዮ ነጠላ ውስጥ እንደ ሕፃን ጠቅልላ ይዛ መጣች። «ድምፁ ታፍኗል» አለችኝ። እንዲያ ያለ አነጋገር ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሬዲዮው ለአንድ ሰዓት የሚሆን ሥራ ነበረው፤ ሁለት ሳምንት አቆየሁባት። በየሁለት ቀኑ መጥታ እንድትጠይቀኝ ብዬ ነው። ከሠርጋችን በኋላ ስነግራት «እኔ ደግሞ በሦስተኛው ቀን አውቄዋለሁ» አለችኝ። እንዲህ ነበረች፤ የሚዋሻትን ሰው አውቃ ዝም ትላለች።

ለጥገና የሚሆነው ዕቃ ሁሉ ከባሕር ማዶ ነበር የሚመጣው፤ ከጃፓን፣ ከጀርመን፣ ኋላ ደግሞ ስሙን ከማናውቀው ፋብሪካ። መርከብ ጅቡቲ ያራግፈዋል፤ ከጅቡቲ በባቡር ድሬ ይገባል። ለእኔ የምታመጣልኝ ሐዋ ነበረች። ሐዋ ሱማሌ ናት፤ በዕድሜ ትንሽ ታንሰኛለች። መጀመሪያ ሽቶና ጨርቅ ነበር የምታመላልሰው። አንድ ቀን የሻይ ፔርሙዝ ይዛ ሱቄ ገባች፤ ክዳኑን ስትከፍተው ውስጡ ሻይ የለም፤ በጥጥ የተጠቀጠቀ ትራንዚስተር ሞልቶታል። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችውና «ዋሪያ ተፈራ፣ ይሄ ሐላል ነው ሐራም?» አለችኝ። ማንበብ አትችልም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኛ መሀል የፋብሪካው እውነተኛ ዕቃ ሐላል፣ ተመሳስሎ የተሠራው ሐራም ሆኖ ቀረ።

እኔ ነበርኩ የማስተምራት። መጀመሪያ መዳፍሽ ላይ አሳርፊው፤ ሐሰተኛው ይቀላል፣ መዳብ የቆጠበ ሰው ክብደት አይሰጥሽም። ቀጥሎ እግሮቹን እይ፤ ተበይዶ የተነቀለ ከሆነ የድሮ ብየዳ ጠባሳ አለበት። ጽሑፉ እንደ ሌዘር የተቀረጸ ከመሰለ ጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ አሺው፤ ከተነሣ ስሙ የውሰት ነው። በቀለም የተጻፉት አሮጌዎቹ ግን እውነተኛም ቢሆኑ ይለቃሉ፤ እነሱ ላይ ይሄ ብልሃት አይሠራም። የመጨረሻው ማረጋገጫ መክፈት ነው። ከእሽጉ አንዱን እወስድና ክዳኑን በመጋዝ እገነጥላለሁ። መሀሉ ላይ የምትቀመጠው ጠፍጣፋ ቁራጭ የስንዴ ፍሬ የምታህል ከሆነች ሐላል ነው። የጤፍ ፍሬ ካከለች ግን፣ ሙቀት ሲያገኛት ወዲያው የምትሞት ናት። የተከፈተው ከዚያ በኋላ አይሠራም። «ስለዚህ» እላታለሁ «አንዱን እንገድልና ሌሎቹን እናምናለን።» ሐዋ ትስቅ ነበር። «የእናንተ እምነት ደም ይወዳል አቦ!»

እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ሠራን። አስቴርና ሐዋ ከእኔና ከሐዋ ይልቅ ተቀራረቡ። ለዒድ ከእነሱ ቤት ሐልዋ ይመጣል፣ ለፋሲካ ከእኛ ቤት ድፎ ይሄዳል። አስቴር ሐዋን ፊደል ላስተምርሽ ብላ ደጋግማ ሞክራ ነበር። ሐዋ «ሀ ሁ ለእኔ ምን ይሠራል፣ ተፈራ ያነብልኝ የለም?» እያለች ትሸሻለች።

ኋላ ባቡሩ እየሳሳ፣ መኪናው እየበዛ ሄደ፤ ታይዋን የሚሉት ገበያም ተስፋፋ። ልብሱ፣ ቴፑ፣ ቴሌቪዥኑ በየበረንዳው ተቆለለ። ሐዋም እዚያው ሱቅ ያዘች፤ የሬዲዮና የቴፕ መለዋወጫ ብቻ የምትሸጥ ሆነች። ከሐረርና ከጅጅጋ የሚመጡ ጠጋኞች «ተፈራ አይቶታል ወይ?» ሳይሉ ዕቃ አያነሱም ነበር። ይህ ነገር ራሴን አዞረው። ገበያው ውስጥ ስገባ መንገድ ይለቀቅልኝ ጀመር፤ እኔም መንገዱ የሚገባኝ መሰለኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጠርታኝ ስሄድ ሐዋ ትልልቅ ካርቶኖች አራግፋለች። ከማታውቀው አዲስ አስመጪ ነው የወሰደችው፤ የእጅ ወርቋን ሸጣ። ሰባት ስምንት ገዢ ከበዋት ቆመዋል። አንዱን እሽግ አነሳሁ፤ መዳፌ ወዲያው ነገረኝ። እሷም ፊቴን አይታ ገባት። ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ተፈራ፣ አሁን አትክፈተው። ሰዎቹ ይሂዱ። ለብቻችን እናያለን» አለችኝ። እንድዋሽላት የጠየቀችኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ በልቤ ውስጥ የነበረውን ዛሬም አልረሳውም፤ ንዴት አልነበረም፣ ደስታ ነበር። ሰው እያየኝ ስለሆነ ደስ አለኝ። መጋዜን አወጣሁና አንዱን ከፈትኩ። ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሳየሁ። «ጤፍ!» አልኩ። «ካርቶኑ በሙሉ ፎርጅድ ነው። በዚህ ዕቃ የሚሠራ ሰው የደንበኛውን ቤት ያቃጥላል።»

እውነት ነበር፤ አንዱን ብቻ ከፍቼ «በሙሉ» ከማለቴ በቀር የጨመርኩት የለም። ገዢዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሐዋ አላለቀሰችም። መሬት ላይ ተንበርክካ የተዘረገፈውን እየለቀመች ወደ ካርቶኑ መለሰችው። ከዚያ ቀና ብላ «እውነቱን ነው የተናገርከው፤ ግን በድንጋይ እንደሚወግሩ ወገርከኝ» አለችኝ። ማን እንዳታለላት፣ ዕቃው ሊመለስ ይችል እንደሆነ፣ ወርቋን እንደሸጠች እንኳ አልጠየቅኳትም፤ የወርቁን ነገር የሰማሁት ከሰው ነው። በወሩ ሱቋ ተዘጋ። እሷም ከገበያው ጠፋች።

አስቴር ያን ሰሞን ለሳምንት ያህል ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። በኋላ «ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ? ውሸት ተናገርኩ?»

«አልተናገርክም።»

«ታዲያስ?»

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም በአቋሜ ጸናሁ፤ አቋም ይመስለኝ ነበር። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ሬዲዮ የሚያስጠግን ጠፋ፣ ቴፕ ጠፋ፣ ቴሌቪዥኑም ሲበላሽ የሚጣል ሆነ። ሱቄን ዘጋሁ። ልጃችን አድጋ አዲስ አበባ ሥራ ያዘች። ዐይኔን ሞራ ጀመረው። ድሮ ወንበር ሞልቶ ሬዲዮ ይደመጥባቸው በነበሩ በረንዳዎች ላይ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሄዱ ወጣቶች ሰርቪስ ይጠብቃሉ፤ ሁሉም ጆሮው ውስጥ የየራሱን ዘፈን ሰክቷል።

የአስቴር ሳንባ የታመመው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ቀጥሎ ዘፈን ማንጎራጎር ተወች፣ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀመረች። ልጃችን ኦክስጅን የሚያመርት ማሽን ገዝታ ላከችልን። የክፍሉን አየር ይስብና ኦክስጅኑን ለይቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ ይልካል። እየተነፈሰ የሚተኛ ትልቅ እንስሳ ይመስል ነበር። ድምፁን ለመድነው።

የዛሬ ዓመት፣ ሙቀቱ ግድግዳውን እንደ ምድጃ ባጋለበት ሰሞን፣ ከምሳ በኋላ ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸና ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ነቅዬ ከፈትኩት። የአየር በሮቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ትራንዚስተር ተሰንጥቆ ጠቁሯል። ሆስፒታል ወሰድናት፤ አልጋ እስኪለቀቅ በዚህ ቆዩ ብለው የኦክስጅን ሲሊንደር ሰጥተው ወደ ቤት መለሱን። ልጃችን ሌላ ማሽን ፍለጋ አዲስ አበባን ትዞር ጀመር፤ ቢገኝም ቀናት ይፈጃል። የሲሊንደሩ መለኪያ መርፌ ወደ ቀዩ ሲወርድ በዐይን ይታይ ነበር። አስቴር ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትራሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትከሻዋ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይነሣል። እኔ በአምሳ ዓመት ሙያዬ የስንቱን ሰው ሬዲዮ አናግሬ፣ ለሚስቴ አየር የሚከፍት አንዲት ጥፍር የምታህል ዕቃ አጣሁላት።

ታይዋንን አካልዬ ዞርኩ። ስሙ ያለበት ዕቃ በየሱቁ አለ፤ ጽሑፉ ያማረ፣ ማሸጊያው ያማረ። ቴስተር ላይ ሲለካ ሁሉም ደኅና ነው፤ ሐሰተኛ ዕቃ ቀዝቃዛ እያለ አይታወቅም። የመጀመሪያውን በየድኩት፤ ማሽኑ ተነሣ፣ አስቴር ዐይኗን ከድና አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነደደ። ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፤ ያውም ነደደ። በሦስተኛው ጊዜ ሁለት ገዛሁና አንዱን በመጋዝ ከፈትኩት። ዐይኔ ስላላየልኝ ጎረቤታችን ጽጌን ጠርቼ «ስንዴ ነች ጤፍ?» አልኳት። ሴትዮዋ ያበድኩ መስሏት አፈጠጠችብኝ። ቀረብ ብላ አየችና «ኧረ ከጤፍም ታንሳለች» አለችኝ። ሌላውን ግን በየድኩት። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ በየድኩት፤ አንድ ሰዓት ትተነፍስ እንደሆን ብዬ። ዐርባ ደቂቃ ሰጠን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስቴር በምልክት ጠራችኝ። ጎንበስ አልኩ።

«ሐዋ ጋ… ሂድ።»

«ሐዋ የት አለችና?»

«ሐርላ… ከእናቷ ዘመዶች ጋ። መስጊዱ አጠገብ… ጠይቅ።»

«በምን አወቅሽ?»

ትንፋሿን ለዚህ መልስ ማባከን አልፈለገችም። «ሂድ» ብቻ አለች።

ጽጌን አጠገቧ አስቀምጬ ባጃጅ ይዤ ከድሬ ወጣ ወዳለችው ሐርላ መንደር ሄድኩ። መንገዱ በሙቀት ይንቀጠቀጣል። በየጎኑ የደረቀ የማሽላ አገዳ፣ የፍየል መንጋ፣ ከጥንት የተረፈ የድንጋይ ካብ። ሕይወቴን ሙሉ በቅርብ ርቀት የኖርኩበት ቦታ ነው፤ አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም ነበር። ሐዋን ያገኘኋት ከአንዱ ፍርስራሽ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጣ ፍየሎቿን ስትጠብቅ ነው። ጎብጣለች። ጥፍሮቿ ላይ የሂና ቀለም አለ። ገና ከባጃጁ ስወርድ «ዋሪያ ተፈራ፣ ፀጉርህ የት ሄደ?» አለችኝ፤ ትናንት የተለያየን ይመስል። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አስቴር ሞተች?»

«አልሞተችም። ግን ማሽኗ…»

እስክጨርስ አልጠበቀችም። በትሯን ተደግፋ ተነሥታ ወደ ጎጆዋ ገባች። የዛገ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዛ ወጣችና ምንጣፍ ላይ ዘረገፈችው። ትራንዚስተሮች፣ ኮንደንሰሮች፣ የተጠማዘዙ ሬዚስተሮች።

«ይሄን ሁሉ ለምን አስቀመጥሽው?»

«ከሱቁ የቀረኝ ይሄ ነው። ሰው ቤቱ ሲቃጠል የሚያወጣት ነገር አትጠፋም» አለችኝ።

በጉልበቴ ተንበርክኬ እየለየሁ ፈለግሁ። ለማሽኑ የሚሆነው፣ የድሮ የጃፓን ስም ያለበት፣ አንድ ተገኘ። አንድ ብቻ። በቀለም የተጻፈ ስለሆነ ብፈትገው ምንም አይነግረኝም። መዳፌ ላይ አሳረፍኩት፤ ከባድ ይሁን ቀላል መለየት አቃተኝ። አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ እግሮቹን አየሁ፤ ሞራው ሁሉን ጭጋግ አደረገው። ደጋግሜ መዘንኩ። ያ ሁሉ ገበያ መንገድ ይለቅለት የነበረ መዳፍ ደነዘዘብኝ።

«ሐዋ፣ ይሄ ከድሮዎቹ ነው ወይስ… ከእነዚያ ካርቶኖች?»

«እኔ ማንበብ አልችል። የምታነብልኝ አንተ ነበርክ። ከሄድክ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ ጨመርኩት።»

ፍየሎቹ አገዳ ያደቅቃሉ። ሐዋ በእጇ ባለው በትር ወደ ቦርሳዬ ጠቆመች። መጋዙ እጀታው ወጥቶ ይታያል።

«ክፈተዋ። እንደዚያ ቀን ክፈተው።»

«አንድ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ አንተም እንደ እኛ እንደ መሃይሞቹ ዝም ብለህ ታምናለህ» አለች። በቀል አልነበረበትም አነጋገሯ፤ ድካም ነበረበት። ትራንዚስተሩን በመሐረብ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ አኖርኩት። ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። አላልኩም፤ የማስበው የሲሊንደሩን መርፌ ብቻ ነበር፤ ወይም አሁን እንዲህ እላለሁ እንጂ እውነቱ ፈርቼ ነው። ወደ ባጃጁ ስሄድ ከኋላዬ «ለአንተ ብዬ አይደለም የሰጠሁት» አለችኝ። «አስቴር በየዓረፋው ትመጣ ነበር። እዚህ ድረስ። ስኳር ይዛ፣ ለልጅ ልጆቼ ደብተር ይዛ። ሳንባዋ እስኪደክም ድረስ አንድ ዓመት አልዘለለችም። አንተ ገበያ የሄደች ይመስልህ ነበር።»

ቤት ስደርስ ጽጌ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ነበር፤ አስቴር ያበቃላት መሰለኝ፤ ግን ገና ነበረች። መርፌው ቀዩ ውስጥ ገብቷል። የብየዳ ካውያውን ሰካሁ። እጄ አላቆም ቢለኝ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ በፎጣ አስሬ፣ ጽጌ ባትሪ እያበራችልኝ፣ ሦስቱን እግሮች አንድ በአንድ በየድኩ። አስቴር ከአልጋዋ ታየኛለች። ማሽኑን ስከፍተው ያ የለመድነው እንስሳ ሳበ፣ ተነፈሰ፣ ሳበ፣ ተነፈሰ። ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አደረግሁላት። መቀመጥ አልቻልኩም። ማሽኑ ጎን በርከክ ብዬ ጣቴን በቦርዱ ክፍተት አስገብቼ ሙቀቱን እየዳሰስኩ ጠበቅሁ። ዐርባ ደቂቃ ሞላ፤ አልነደደም። አንድ ሰዓት ሞላ። ሁለት። የከንፈሯ ጥቁረት መልቀቅ ጀመረ። ድምፅ ለማውጣት አቅም ስታገኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ይቅርታ ጠየቅካት?» ብላ ነው።

«አዎ» አልኳት።

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከንፈሯ ፈገግ አለ።

«ፎርጅድ» አለችኝ።

በማግሥቱ ሐዋ ራሷ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ እኔን አልፋ፣ አስቴር አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም በአስቴር ፊት፣ ቆሜ፣ ያን ቀን በታይዋን ያደረግሁትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ፤ ደስ ብሎኝ እንደነበር ጭምር። ሐዋ እስክጨርስ ሰማችኝና «ዘገየህ ተፈራ። ዐፉ ብዬሃለሁ፤ ግን ዘገየህ» አለች። ከዚያ ወዲያ ከሁለቱ ወሬ ውስጥ አስወጡኝ። በየሳምንቱ ትመጣ ጀመር። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሳቃቸውን እሰማለሁ፤ ከማሽኑ ትንፋሽ ጋር ተቀላቅሎ።

ሐኪሙ የሳንባዋ ነገር እንደማይመለስ አስቀድሞ ነግሮኛል። እኔ ግን ለሐኪሙም ለእግዚአብሔርም ጆሮ አልሰጠሁም፤ ሌት ተቀን የማስበው ያቺን ትራንዚስተር ነበር። ስንዴ ትሁን ጤፍ የማውቅበት መንገድ የለም። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ወደ ማሽኑ እሮጣለሁ። ሰውነቷ በዐይኔ ሥር ሲያልቅ፣ ሥጋዋ ከአጥንቷ ሲሸሽ፣ እኔ የማሽኑን ጎን እየዳሰስኩ «አልሞቀም፣ ደኅና ነው» እላታለሁ። አንድ ቀን «ተፈራ፣ እኔንም ዳስሰኝ እንጂ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እጄን ከእጇ አላነሳሁም።

ክረምቱ ገብቶ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ ትንፋሿ ቆመ። ማሽኑ አልተበላሸም፤ መብራቱም አልጠፋም። ጽጌ ገብታ ጮኸች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ድንኳን ይተከል ተባለ። ማሽኑ ይስባል፣ ይተነፍሳል። አንዱ ሰው ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ በጥፊ ልመታው ምንም አልቀረኝም። ቱቦው ትራሷ ላይ ወድቆ አየሩን ለማንም ሳይሆን ይለቃል። እኔ ድምፁን እየሰማሁ ገና ያለች ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሊነካው የደፈረ ሰው አልነበረም።

ሐዋ ከሐርላ የደረሰችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሴቶቹን አልፋ ገባች። አስቴርን አየቻት፣ ግንባሯን ዳሰሰቻት፣ በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር አለቻት። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞረች። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን እንደ እኔ ጎኑ ላይ አሳረፈች።

«ሞቋል ተፈራ» አለችኝ። «አብሽር። ይረፍ።»

አልከለከልኳትም። ማጥፊያውን ፈልጋ ተጫነችው። ማሽኑ አንድ ጊዜ ሳበና ሳይተነፍስ ቀረ። አስቴር መሞቷን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።